ከሳጥኑ አውጣው

ለማከብርህ የወጣትነት ጓደኛዬ፣

ባረፍሁበት የእንግዳ ማረፊያ ቤት እንግዶች ትተዋቸው ከሄዱት መጻሕፍት መካከል የንብ አናቢውን ማስታወሻ አድንቄ፣ የመርማሪውን ታሪክ ገዳዩን ገና በሦስተኛው ገጽ ስላወቅሁት ስቄበት፣ አንዱን የፍቅር ልብ ወለድ ግን «የሥራ ፈት ጨዋታ!» ብዬ ወደ መደርደሪያው ልመልሰው ስል፣ ክፍል የምታጸዳው ሴት መጥረጊያዋን ተደግፋ፣ «ኧረ አባባ፣ እሱንማ አያጣጥሉብኝ! ሦስቴ አልቅሼበታለሁ፤ ይልቅ ጮክ ብለው ያንብቡልኝ» ብላ አስጀመረችኝና፣ መጨረሻው ምዕራፍ ላይ መነጽሩን የሚጠርገው እኔ ሆኜ ተገኘሁ።

እዚያ ሳሎንህ ውስጥ የልብ ወለድህን ረቂቅ በዚያው ቃል ነቅፌ ሳጥን ውስጥ ያስቆለፍሁብህ እኔ ነበርሁና፣ ይቅር ብለኸኝ አውጣው፤ ስመለስ ጮክ ብዬ የማነብልህ እኔ ነኝ። ይህ ፖስት ካርድ ስለጠበበኝ፣ ለእትዬና ለልጆቹ ሰላምታዬን በአጭሩ አድርስልኝ፤ መሐረብም ያዘጋጁ።

ግትሩ ወዳጅህ