የቁም ሳጥኑ ቁልፍ

ውድ እህቴ፣

እንደምን አለሽ ብዬ ለመጀመር አፍሬ ብዕሬን ሦስት ጊዜ አስቀመጥኩት። ስለዚህ ከመጨረሻው ልጀምር፤ ብስኩቱን የበላሁት እኔ ነኝ።

ውፍረታችንን ለመቀነስ ሆዳችንን በቀዶ ጥገና ለማሳነስ ስንወስን የፈራሁት እኔ፣ «እኔ ልቅደምና ካልሞትኩ ትከተላለህ» ብለሽ የሳቅሽው አንቺ ነበርሽ። በሦስተኛው ቀን ተከተልኩሽ። አንቺ የተፈቀደልሽን ማንኪያ እየቆጠርሽ ስትበዪ፣ እኔ ወር ሳይሞላኝ ከወጥ ቤቱ ቁም ሳጥን ብስኩት እየሰረቅኩ መታጠቢያ ቤት ተደብቄ እበላ ነበር።

በስድስተኛው ወር የደም ምርመራችን መጣ። ዶክተሩ ብግነት የሚለው፣ ሰውነትን ውስጥ ውስጡን የሚያስቆጣው፣ ምግብ ሲቀነስ ይወርዳል የተባለው ነገር፣ የእኔ ቁልቁል ወርዷል፤ የአንቺ ንቅንቅ አላለም። ጉልበትሽንም እንደቆረጠመሽ ነበር። በዚያው ሳምንት እማዬ ከቁም ሳጥኑ ጀርባ የብስኩት ወረቀት አገኘች። ማን እንደበላ እንኳን አልጠየቀችም። «ደም አይዋሽም፣ ልጄ» አለችሽ። አንቺ ዞር ብለሽ እኔን ብቻ አየሽኝ። እኔ ምን አልኩ? «ቢቆለፍ ይሻላል።» የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይኸው ነው። እማዬም ቆለፈችና ቁልፉን ለእኔ ሰጠችኝ።

ከዚያ ወዲህ ማንኪያ ባነሳሽ ቁጥር አፍ አፍሽን ስታይሽ ከረመች። ሦስት ሳምንት ቻልሽው፤ ከዚያ የስፌት መኪናሽን አስጭነሽ አክስታችን ቤት ገባሽ። አመል ያወጣል ከመሃል ይባላል፤ በእኔ አመል የወጣሽው ግን አንቺ ነሽ።

ትናንት ቀጠሮዬ ነበርና ዶክተሩን ስላንቺ ጠየቅኩት። ከዚህ ቀዶ ጥገና በኋላ የብግነቱ አወራረድ በሴትና በወንድ ሊለያይ እንደሚችል፣ ምክንያቱም ገና እየተጠና እንደሆነ ነገረኝ። «ቁጥሯ አልወረደም ማለት በልታለች ማለት አይደለም» አለኝ። እኔ ይህን ለማወቅ ሐኪም አያስፈልገኝም ነበር።

አንድ ነገር ልጨምር። እማዬ ያንን ወረቀት ከማግኘቷ በፊት፣ እንድታጠቢልኝ በሰጠሁሽ ግራጫ ሱሪ ኪስ ውስጥ የብስኩት ወረቀት ረስቼ ነበር። ሱሪውን ተኩሰሽ መለስሽልኝ፤ ኪሱ እስከ ፍርፋሪው ተራግፏል። ስለዚህ ያን ቀን ስታይኝ ታውቂ ነበር፤ እንደምታውቂም አውቄ ነበር። አንድ ቃል ብትናገሪ አለቀልኝ። አልተናገርሽም። ይኸው ነው የሚበላኝ።

ዛሬ ጠዋት ለእማዬ ሁሉንም ነገርኳት። «በወለድኳት ልጅ ላይ በወረቀት ፈረድኩ» አለች፤ እኔን አልተቆጣችም፤ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ቁልፉን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሻለሁ። ቁም ሳጥኑን ቆልፌዋለሁ፤ ሌላ ቁልፍ የለንም። ለማን መክፈት፣ ማንን መከልከል እንዳለብሽ አንቺ ታውቂያለሽ። ዘግይቼ ነው ትዝ ያለኝ እንጂ የእማዬ ስኳርም እዚያው ውስጥ ቀርቷል። «ሰብሬ ላውጣልሽ» ብላት እምቢ አለችኝ።

«እስክትመጣ ድረስ ሻዬን መራራውን እጠጣለሁ» አለች።

ብስኩቱን የበላው
ወንድምሽ