«ካልነኩት መልሺው»

መኪዬ፣ የኔ ዓለም! ይህን ካርድ ከኦሳካ ነው የምጽፍልሽ።

ኤግዚቢሽኑን ዛሬ ከፈትን። ዓይነ ስውሩ ኦቦ ደቻሳ የሠሩትን ሸክላ ሲሰጡኝ «ካልነኩት መልሺው» እንዳሉኝ ታስታውሻለሽ? «እባክዎ በእጅዎ ይንኩ» ብዬ በጃፓንኛ አስጽፌ ለጥፌያለሁ፤ ሰዉ ግን እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ ያልፋል! ሰበታ ቢሆን ሚኒባስ የሚጠብቀው ሁሉ ገብቶ፣ ደባብሶ፣ በጣቱ አንኳኩቶ ስንጥቅ ይፈልግበት ነበር። ስድስት አገር ኤግዚቢሽን አዘጋጅቼ እንዲህ ደንግጬ አላውቅም።

በመጨረሻ አላስቻለኝም። ጉርሻ እምቢ ያለ እንግዳ እንደምንለምነው፣ የአንዲት አሮጊት እጅ ይዤ «በሞቴ!» አልኳቸው፣ በአማርኛ! ሳቁ። አውራ ጣታቸው የኦቦ ደቻሳ አውራ ጣት ያሰረጎደው ቦታ ላይ ሲያርፍ ግን ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከዚያ በኋላማ ሰልፉን ባየሽ!

ቦታ አለቀብኝ። እማማ ብዙነሽን ሳሚልኝ። ካርዱ እንደደረሰሽ ኦቦ ደቻሳ ዘንድ ሄደሽ ንገሪልኝ፦ አሮጊቷ የአዳራሹን ጠባቂ እጅ ያዙ፣ ነጭ ጓንቱን አወለቁና «በሞቴ!» አሉት።

ሩሃማ