ማኅደሮቻችንን በቀለም ለደረደሩልን ክቡር ምክትል ኃላፊ

ለተከበሩ የዩኒቨርሲቲያችን የአስተዳደር ዘርፍ ምክትል ኃላፊ፣

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንዴት ሰነበተ? በተለይ ወገብዎ? እኛ፣ በሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት ላይ ያለን የመዛግብት ባለሙያ ዕጩዎች ማኅበር አሥራ አንድ አባላት፣ ከቤተ መጻሕፍቱ ሥር ባለው ምድር ቤት አቧራው እንደፈቀደልን ደህና ነን። ወገብዎን የጠየቅነው፣ በሁለት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን ወደ እኛ ወርደው ስለማያውቁ፣ ሕመም ይሆናል እንጂ ንቀት አይሆንም ብለን ተስማምተን ነው።

ደብዳቤውን በግልጽ የጻፍነው ሦስቱ የቀደሙ ማመልከቻዎቻችን ጆሮ ዳባ ልበስ ስለተባሉ ነው። ምስጋናችንን እንደሚከተለው በተራ ቁጥር እናቀርባለን።

፩. ቅዳሜ ቅዳሜ እየተሰበሰብን የቀድሞ ተማሪዎችን ማኅደር ስንለይ ወንበር ስለነፈጉን እናመሰግናለን። «ሽቦው» የምንለው ወንድማችን፣ የዛገ የማያያዣ ሽቦ ከወረቀት ይነቀል ወይስ ይቆይ በሚል ሦስት ቅዳሜ ሙሉ አከራክሮናል፤ ተቀምጠን ቢሆን ኖሮ እስከ ዛሬም አንነሳም ነበር።

፪. ባለፈው ወር እንግዶች ይመጣሉና ክፍሉ ይመር ብለው ባዘዙት መሠረት፣ ሠራተኞችዎ ስድስት ሺህ ያህል ማኅደሮችን በሽፋናቸው ቀለም ደርድረውልናል። ቀዩ ከቀይ፣ አረንጓዴው ከአረንጓዴ ገጥሞ ሲታይ በእውነት ዓይን ይስባል። ችግሩ፣ ሽፋኑ በየጊዜው ይገዛ የነበረው ግምጃ ቤቱ ባገኘው ቀለም መሆኑ ነው፤ የማን ማኅደር የት እንዳለ የሚናገረው የተቀመጠበት ተራ ብቻ ነበር። ያን ተራ በሁለት ዓመት ልፋት መልሰነው ነበር፤ እርስዎ በአንድ ከሰዓት ገላገሉን። እንግዶቹ ግን አልመጡም።

፫. አንዲት አዋላጅ አሉ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሕፃናት ሲቀበሉ ኖረው፣ አሁን የሙያ ፈቃድዎን ለማደስ እዚህ መማርዎን የሚያረጋግጥ ማስረጃ እስከዚህ ወር መጨረሻ ያምጡ ተባሉ። ሬጅስትራሩ «መረጃ የለም» ብሎ፣ አለመኖሩን በማኅተም አጽድቆ ሸኛቸው። እኛ ዘንድ ሲደርሱ «ልጆቼ፣ እኔን ብትጠረጥሩኝ አይከፋኝም፤ ወረቀቴን ብቻ ፈልጉልኝ። በዚህ ዕድሜዬ ምን ሌላ ሥራ ልማር?» አሉን። ስማቸውን ከቅበላ መዝገቡ ላይ አገኘን፤ ቁጥሩን ተከትለን ማኅደሩ ያለበትን መደርደሪያና ረድፍ ለየን፤ በመጪው ቅዳሜ እናወጣልዎታለን ብለን ቀጠርናቸው። ቅዳሜ ስንመጣ መደርደሪያው ከላይ እስከ ታች ሮዝ ሆኖ ጠበቀን። የሽፋኑን ቀለም ያስታውሱ እንደሆነ አዋላጇን ከመጠየቅ በቀር ምርጫ አልነበረንም። በመጀመሪያ ሳቁብን፤ ኋላ ግን አለቀሱ። እነሆ አሁን አንድ በአንድ እያነሳን በሽፋኑ ላይ ያለውን ስም እያነበብን ነው፤ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይኸው ነው።

፬. ባለፈው ሰኞ ደግሞ ክፍሉ የእንግዳ መቀበያ እንዲሆንና በውስጡ ያለው «ያልተደራጀ አሮጌ ወረቀት» ዐርብ ጠዋት በመኪና ተጭኖ እንዲወገድ ፈርመዋል። ራስዎ ደባልቀው ሲያበቁ ተደባልቋልና ይጣል ማለትዎ፣ አንድን ሥራ ከመነሻው እስከ መድረሻው ብቻውን የሚወጣ ኃላፊ እንዳለን አሳይቶናል።

ክቡር ሆይ፣ እዚህ ላይ ትሕትናችን ስላለቀብን ይቅርታ ያድርጉልን። ተናደናል። እስከ ትናንት ድረስ ሁለት ሺህ አንድ መቶ አርባ ማኅደሮች አይተናል፤ የአዋላጇ ገና አልተገኘም፤ ገና ካልታየው ውስጥ ደግሞ የስንት ሰው እንጀራ እንዳለ እርስዎም አያውቁም፣ እኛም አናውቅም። ስለዚህ የክፍሉን ቁልፍ አናስረክብም። መኪናው ሲመጣ አሥራ አንዳችንም በሩ ላይ ነን። አዋላጇም ከሌሊት ሥራቸው እንደወጡ ይቀላቀሉናል፤ ማንም ቢገፋቸው ከዚያ ንቅንቅ እንደማይሉ ነግረውናል። ከትምህርት ገበታ እናግዳችኋለን የሚል ማስጠንቀቂያ ካዘጋጁ፣ እባክዎ ቀንና ቁጥር አይርሱ፤ ቀን የሌለው ደብዳቤ ለመዝገብ ሥራ ያስቸግረናል።

ከታላቅ አክብሮት፣ ከማይለቅ ሳልና ካላስረከብነው ቁልፍ ጋር፣
የመዛግብት ባለሙያ ዕጩዎች ማኅበር

ግልባጭ፦
ለሬጅስትራር ጽሕፈት ቤት (ማኅተሙ ሲደርቅ)
ለማስታወቂያ ሰሌዳ

ማሳሰቢያ፦ ትናንት ከአረንጓዴዎቹ መካከል የእርስዎን የተማሪነት ማኅደር አግኝተናል። ሙያችን ስለሚከለክለን ስምዎን ከሽፋኑ ላይ አንብበን፣ ውስጡን ሳንገልጥ አስቀምጠነዋል። ሁሉም አሮጌ ወረቀት ነው በሚለው ቃልዎ ከጸኑ፣ የእርስዎ ከሁሉ ቀድሞ እንዲጫን በገዛ እጅዎ አንድ መስመር ጽፈው ይፈርሙልን፤ ማኅደሩን ወዲያው መኪናው ላይ እናወጣዋለን፣ የፈረሙበትን ወረቀት ግን ለዘላለም እንጠብቀዋለን።