እናታችን «እህ» ያሉበት ካሴት

ለውድ እኅቴ ለይሻሽ፤

የእናታችን ድምፅ ከሽመና መኪኖች ድምፅ ጋር አብሮ ተቀድቶ ትናንት ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ቤቴ ገባ።

እታለም፣ ወሬውን ያስቀደምኩት ሰላምታው ጠፍቶኝ አይደለም። እንደምን ከርማችኋል? ወገብሽ ተሻለሽ? የእናታችን ቀኝ ዓይን አሁንም ያያል? አቻምየለህስ? መኸሩ በደህና ገባ? እኛ የእስራኤል አምላክ ይመስገን ደህና ነን። ልጃችንን ማናዬን አስተማሪዋ ሚሪ ስላለቻት አሁን በሁለቱም ስም ትዞራለች፤ አንዳንዴም በአንዱም አትዞርም። እኔ እዚያው ጨርቅ ፋብሪካ ነኝ። ጋዜጣ ቤት ወሬ ስለቅም የኖርኩት ሰውዬ ዛሬ የተበጠሰ ክር ስቀጥል እውላለሁ።

ባለፈው ክረምት በሰው እጅ የላካችሁት ካሴት ትዝ ይልሻል። እናታችን በሰላምታ ይጀምራሉ። የታናሻችን የጌታው መርዶ እንደደረሳቸው ሊናገሩ ሲሉ «እህ» ብለው ቆም ይላሉ፤ ከዚያ ያለቅሱለታል። እኔ ሱዳን ውስጥ በእጄ ስቀብረው ዓይኔ ደረቅ ነበር። ያቺን «እህ» ስሰማ ግን አልቻልኩም። ክሩን ወደ ኋላ እያጠነጠንኩ ያንኑ ቦታ ብቻ ስሰማ ከረምኩ፤ ኅዳር ላይ እዚያው ላይ ተበጠሰ፣ ቴፑም በላው።

ያዳነልኝ ዮሲ ነው። ዮሲ የፋብሪካችን የመብራት ሠራተኛ ነው፤ ወላጆቹ ከሞሮኮ መጥተው እሱ እዚሁ እስራኤል አገር፣ ቂርያት ጋት የተወለደ። በምሳ ሰዓት ክሩን በምላጭ አስተካክሎ ቆረጠ፣ በስስ ማጣበቂያ አገናኘ፣ በእርሳስ አጠነጠነና ሰጠኝ። ምስጋናዬን እንኳ ቆሞ አልሰማም። ይልቅ ቤቱ ወስዶ የራሱን ካሴቶች አሳየኝ።

እነዚያን ካሴቶች ሱቅ አታገኚያቸውም። ከጀርመን፣ ከቤልጅግ፣ ከጃፓን በፖስታ ይመጡለታል። የሚሠሯቸው ሰዎች ኩባንያ የላቸውም፤ ጓዳቸው ውስጥ ቀድተው፣ ሽፋኑን ፎቶ ኮፒ አድርገው፣ ቁጥሩን በእጃቸው ጽፈው ይልካሉ። እሱም የራሱን ይልክላቸዋል። ሙዚቃ ነው ይላል። ዘፋኝ የለውም፣ ዜማውም አይያዝም። በኤሌክትሪክ የሚጮኽ ሳጥን አለ፤ የውሃ ቧንቧ፣ የፍሪጅ ጉርምርምታ፣ የተቆራረጠ የሬዲዮ ድምፅ አለ። የመጀመሪያውን ሲያሰማኝ፣ ዮሲ፣ ይኸማ ተበላሽቷል፣ ቴፕህን አሠራው አልኩት። ሳቀብኝ። «ስንታየሁ፣ አንተ እኮ በቀን ስምንት ሰዓት ይህንኑ ትሰማለህ፤ ሙዚቃ መሆኑን የነገረህ የለም እንጂ» አለኝ።

ከዚያ ወዲህ ጆሮዬ ማረፍ እምቢ አለ። የአውቶቡሱ ሞተር፣ የደረጃችን መብራት እዝዝታ፣ ጎረቤት ውሃ ሲከፍት ቧንቧው የሚያቃስተው ሁሉ ይጠራኛል። ሥራ ላይ ቆሜ አሥራ ሁለቱን መኪኖች አንድ በአንድ እለያለሁ። ባለቤቴ ዘነበወርቅ ምን ነካህ ትለኛለች። እኔም ሄጄ ሌላ ካሴት እዋሳለሁ።

አንድ ቀን ምሳ ላይ ዮሲ፣ እናትህ የምትተነፍስበትን ቦታ ክሩን ስቀጥል ሰምቼዋለሁ፣ ሥራዬ ውስጥ ላስገባው ትፈቅድልኛለህ አለኝ። አልፈለግሁም። ነገር ግን ካሴቱን ያተረፈልኝን ሰው ዓይን ዓይኑን እያየሁ እንዴት እምቢ ልበል? ይሉኝታ ያዘኝና እሺ አልኩት። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ እሺ የሰማ ሰው የተናጋሪውን ፊት ያያል፤ ወይ ነገሩን ይተወዋል፣ ወይ ሌላ ቀን መልሶ ይጠይቃል። ዮሲ ግን እሺ ሲሉት እሺ ነው የሚሰማው። ጥፋቱ የእኔ ነው።

ትናንት ያመጣው ያ ነው። ርዝመቱ አሥራ ሁለት ደቂቃ ነው። መኪኖቹ ይነሣሉ፤ እናታችን ከሥር «እህ» ይላሉ፤ መኪኖቹ ይበረታሉ፣ «እህ»ም ይመለሳል። መጨረሻ ላይ መኪኖቹ አንድ በአንድ ይቆሙና የእሳቸው ትንፋሽ ብቻውን ይቀራል። ስምም ሆነ ቀበሌ አልገባበትም፤ እናንተን የሚያስጠይቅ ነገር እንዳይኖርበት አሥር ጊዜ ሰምቼ አረጋግጫለሁ።

ዘነበወርቅ ሰምታ፣ ሰው ላልሞተበት አገር ሁሉ ለቅሶ የሚልክ ሟርተኛ አይባልም ወይ አለችኝ። ደግሞም፣ እናትህ ልጃቸውን እንጂ መኪና ሊያለቅሱ ነው እንዴ የተቀመጡት አለች። እንዲህ እያለች ግን እስከ መጨረሻው ቆማ ሰማችው፤ ካሴቱ ሲያልቅ የዘጋችውም እሷ ናት።

እውነቱን ልንገርሽ፣ እኔም ሁለት ሆኛለሁ። ፋብሪካ ውስጥ ጎን ለጎን ቆመን አንዳችን የሌላውን ድምፅ አንሰማም። እዚህ ካሴት ላይ ግን ያ ሁሉ መኪና እናታችንን አልሸፈናቸውም። የጌታው መቃብር ምልክት የለውም፤ ከእኛ በቀር ያለቀሰለት ሰው የለም። የማያውቀው ሰው ጃፓን ተቀምጦ ያቺን «እህ» ቢሰማት ለጌታው ክብር ነው ወይስ ለእናታችን ነውር? ስነሣ ክብር ይመስለኛል፣ ስቀመጥ ነውር።

ዮሲ ስድሳ ቅጂ ሊያወጣ ሽፋኑን አሰናድቷል። ትናንት እንደምንም ደፍሬ፣ እሺ ያልኩህ የእኔ ባልሆነ ነገር ነው፣ ድምፁ የእናቴ ነው አልኩት። ፊቱ ተለወጠ። ፋብሪካው ለፋሲካ እስኪዘጋ የእናትህን ቃል እጠብቃለሁ አለ። ቃል ካልመጣስ ብዬ ስጠይቀው፣ «አንተ እሺ ብለኸኛል» አለኝ።

እንግዲህ ነገሩ በእናታችን እጅ ነው። ይህን ደብዳቤ አንድም ሳታስቀሪ አንብቢላቸው፤ ክሩን እኔ እንደበጠስኩትም ይወቁት። ከዚያ ጠይቂያቸው። አይሆንም ካሉ አበቃ፤ ዮሲን እኔው እጋፈጠዋለሁ። እሺ ካሉ ግን ቃላቸውን ወዲያው አትላኪው። ቀን አሳልፈሽ፣ ሌላ ሥራ እየሠራችሁ፣ ፊታቸውን እያየሽ መልሰሽ ጠይቂያቸው። ልጄ ከወዳጁ እንዳይቀያየም ብለው እሺ ሊሉ ይችላሉ። እኔ ይህን ጠባይ ከማን የወረስኩት ይመስልሻል?

ያለፈው ደብዳቤሽ በናይሮቢ በኩል ዞሮ በአርባ ቀን ደረሰኝ። ከዛሬ እስከ ፋሲካ ዋዜማ ዘጠና ስድስት ቀን አለ። የመሄጃና የመመለሻው ሰማንያ ሲነሣለት ለአንቺና ለእናታችን የሚተርፈው አሥራ ስድስት ቀን ነው።

የእናታችንን ጉልበት ስመሽ ሰላም በይልኝ። ለአቻምየለህ የወንድምነት ሰላምታዬን አድርሺ። ብዙወርቅን ጥርሷ ወጣ ወይ ብሏል በያት፤ ታናናሾቿን በየጉንጫቸው ሳሚልኝ። ዘነበወርቅ እጅ ትነሣለች፤ ማናዬም ከታች ያለውን አበባ የሣለችው ለአያቷ ነው።

ዮሲ ቅጂዎቹን ማውጣት የሚጀምረው የፋሲካችን ዋዜማ ሚያዝያ 15 ቀን፣ ረቡዕ ጠዋት ነው።

ወንድምሽ ስንታየሁ
ቂርያት ጋት፣ ዓርብ ጥር 9 ቀን 1978 ዓ.ም.