ማንም የማይወርድበት ቅዳሜ

ግንቦት 11 ቀን

ለልጄ፣

«አባዬ፣ እባክህ በየማታው አትደውል። ሥራ ላይ ሆኜ ስልኩ ሲጠራ እደነግጣለሁ። እኔ ብቻዬን ሁሉንም ሰው ልሆንልህ አልችልም። እዚያው አጠገብህ ሰው ፈልግ።»

መልእክትሽን ቃል በቃል ነው የገለበጥኩት፤ አንዲት ነጥብ አልጨመርኩም። መጀመሪያ ነገር፣ በየማታው አልደወልኩም፤ እሑድ እሑድ እንድታርፊ እተውሽ ነበር። ደግሞስ ሰው እንደ ጠፋ ቁልፍ በየኪሱ ይፈለጋል? በሃምሳ አራት ዓመቴ «ጤና ይስጥልኝ፣ ጓደኛ ፈልጌ ነው» እያልኩ በር ላንኳኳ?

መልእክትሽ የደረሰኝ በጥቅምት ነው። እስካሁን ዝም ያልኩት ሳልናደድ ቀርቼ አይደለም። የታዘዝኩትን ሳልሞክር መከራከር ስለማልወድ ነው። ሞከርኩ። አሁን ስሚኝ።

እናትሽ ካረፈች በኋላ ወደተዛወርኩበት ሕንፃ መጥተሽ ስለማታውቂ ላስረዳሽ። ውሃ የሚለቀቀው ቅዳሜ ጠዋት ብቻ ነው። ከምድር ቤቱ ወለል ሥር ያለው ገንዳ ውስጥ ይገባና ከላዩ የተቀመጠው ፓምፕ ወደ ጣሪያው ታንከር ይገፋዋል። ፓምፑ ግን አየር እየገባበት ባዶውን ይጮህ ነበር እንጂ አይስብም። ስለዚህ ነዋሪው ቅዳሜ ቅዳሜ ባልዲ ይዞ ይወጣል፤ ከግቢው ቧንቧ እየቀዳ፣ ደረጃው ላይ ተሰልፎ እየተቀባበለ፣ ፓምፑን እንደ ሕፃን ያጠጣዋል።

እኔም ገባሁበት። ቦታዬ በልብስ ሰፊውና በጡረታ በወጣው የአውቶቡስ ሹፌር መካከል ነበር። ሹፌሩ እንደ ሐኪም ጆሮውን ቱቦው ላይ ለጥፎ ያዳምጣል፤ ውሃው ሲይዝ «ያዘ!» ይላል፣ ሁሉም ባልዲውን ይጥላል። ከዚያ በኋላ ሥራ የለም። ግን ታንከሩ እስኪሞላ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም፤ ደረጃው ላይ ተቀምጦ ጨዋታ ነው። አንደኛ ፎቅ ያሉት የቀድሞ መምህርት ደግሞ ባልዲ ነክተው አያውቁም። ትራሳቸውን ይዘው ይመጡና ከላይኛው ደረጃ ላይ ይቀመጣሉ። ሥራቸው ምንድን ነው ብዬ ልብስ ሰፊውን ብጠይቀው፣ ተቆጣጣሪ ናቸው አለኝ።

ባልዲው ከአፉ ሁለት ጣት ጎደል ብሎ ይቀዳ፣ አለዚያ ደረጃው ላይ ይፈስሳል ስላልኩ «ጋሽ ሚሊሜትር» አሉኝ። ተቆጣሁ። አንድ ቅዳሜ ግን ጫማዬን እያሰርኩ ስዘገይ ከታች አንዱ «ጋሽ ሚሊሜትር ዛሬ የለም እንዴ?» ሲል ሰማሁ። ወዲያው አልወረድኩም። ድጋሚ እስኪሉት ደረጃው መታጠፊያ ላይ ቆሜ ጠበቅሁ።

እንግዲህ በውሃ ምህንድስና የተመረቀ ሰው ዕድሜ ልኩን ፓምፕ በባልዲ ሲያጠጣ ይኑር? የተበላሸው ቱቦው ጫፍ ላይ ያለው፣ ውሃው ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚይዘው ክዳን ነበር። ከመሥሪያ ቤት ፈቃድ ወስጄ ብቻዬን ቀየርኩት። ገንዳው ሲሞላ ፓምፑን የሚያስነሳ፣ ታንከሩ ሲሞላ የሚያጠፋ ማብሪያም ገጠምኩለት። መግቢያው በር ላይ እንዲህ ብዬ ለጠፍኩ፦ «ፓምፑ ተጠግኗል። ከእንግዲህ በራሱ ይነሳል። ማንም መውረድ አያስፈልገውም።»

እጅህ ይባረክ ያላለኝ የለም።

ቅዳሜ ወረድኩ። ፓምፑ በራሱ ተነሳ። እንደዚያ ያለ ጥሩ ድምፅ ከእጄ ወጥቶ አያውቅም። ማንም አልመጣም። ታንከሩ ሞላ፤ ፓምፑም ራሱን አጠፋ። በሚቀጥለውም ቅዳሜ እንዲሁ። ሹፌሩን ደረጃ ላይ ሳገኘው፣ ምስጋና ላንተ ይሁንና ሚስቴ አሁን ቅዳሜ ጠዋት ምንጣፍ ታስረግፈኛለች አለኝ። መምህርቷን በራቸው ላይ አግኝቼ ጠፉ እኮ አልኳቸው።

«ልጄ፣ አሁን ምን ብዬ ልውረድ?» አሉኝ።

 

ሰው ፈልግ አልሽኝ፣ አገኘሁ። የተማርኩትን ሥራ ሠራሁ። ጥፋቴ የቱ ጋ ነው? ፓምፑን መልሼ ላበላሸው እንዳልል እጄ እምቢ አለኝ። አስቤ ብቻ አልቀረሁም፤ መፍቻ ይዤ ወርጄ፣ አጠገቡ ቆሜ ተመልሻለሁ።

ከትናንት በስቲያ ደግሞ የሁለተኛው ፎቅ ደረጃ መደገፊያ ብረት ላልቶ አየሁ። ሁለት ብሎን ማጥበቅ ነው፤ የአንድ ሰው ሥራ፣ ያውም የአፍታ። የልብስ ሰፊውን በር አንኳኳሁና ጫፉን የሚይዝልኝ ሰው ያስፈልገኛል አልኩት። መቀሱን እንደያዘ ስንት ሰው ይበቃል ብሎ ጠየቀኝ።

ዓይኔን በጨው አጥቤ «አራት» አልኩ።

ቅዳሜ እናያለን አለና በሩን ገርበብ አደረገው። ይምጣ አይምጣ አላውቅም። ብሎኖቹን ግን አልነካሁም። ሰው እንዳይደገፍበት ብረቱን በገመድ አስሬ ትቼዋለሁ።

በምትገቢበት በር ሁሉ ስምሽን የሚያውቅ ሰው ይቀበልሽ። ከሥራ ስትመለሺ የሚጠብቅሽ አይጥፋ። ይህን የምመርቅሽ ከልቤ ነው፤ ቁጣዬ ግን እንዳለ ነው።

ስለዚህ በሳምንት ስንት ቀን፣ በየትኞቹ ቀናት፣ በስንት ሰዓት መደወል እንደሚፈቀድልኝ እስከ ግንቦት 30 ቀን ድረስ በጽሑፍ አሳውቂኝ። በስልክ አትንገሪኝ። በስልክ ድምፅሽ ደክሞ ስሰማ ሁሉንም እሺ እላለሁ።

አባትሽ