ወንበሩ፣ ልክ እንደሳልሽው

ማክሰኞ፣ ጥር 17 ቀን፣ ከቀትር በኋላ

ለምወድሽ የልጅ ልጄ፣ ለቀለሜ፤

እንዴት ከርመሻል? የእጅሽ አንጓስ ተሻለው? ቀን ቢሮ፣ ማታ ሥዕል እያልሽ እንዳትሰብሪው ብዬ ተናግሬ ነበር፤ ሰሚ አላገኘሁም። እኔ አለሁ። በወረቀት የጻፍኩልሽ በስልክ ድምፄ ስለሚያሳብቅብኝ ነው፤ ደግሞም በስልክ የምልክልሽን መልእክት ሁሉ፣ ስለ እኔ በኢንተርኔት ለምታወጪው የሥዕል ታሪክ አንባቢዎች ታሳያለሽ። «አራት ነጥቡ የት ሄደ?» ብዬ የጻፍኩልሽን ስንት ሰው እንደሳቀበት አይቻለሁ። ይህን ደብዳቤ ግን ፎቶ አንስተሽ እንዳታወጪው። ከቤቴ ሥር የምትሠራው ልብስ ሰፊ፣ እህቷ ዓርብ ወደ አንቺ ከተማ ትበራለች፤ እጅ በእጅ ትሰጥሻለች።

ነገሩ የሆነው ባለፈው ሳምንት ነው። ከሐኪም ቤት ተመለስኩ፤ ኮቴን ሰቀልኩ፤ ወደ ሳሎን ገባሁ። ወንበሬ መስኮቱ ሥር ነበር።

ይህ ለምን እንዳስደነገጠኝ እንዲገባሽ የደበቅሁሽን ልንገርሽ። ከክረምት ጀምሮ ዓይኔን ያመኛል። ሐኪሙ ብርሃን እንዳይመታኝ ስላዘዘ፣ ያን ከባድ የወንድ አያትሽን ወንበር ከመስኮቱ ጎትቼ ከመጽሐፍ መደርደሪያው ጎን ካደረግሁት ቆይቷል። አንቺ ስለማታውቂ በታሪክሽ ውስጥ እስካሁን መስኮቱ ሥር ነው፤ ፊቱን ትንሽ ወደ መንገዱ አዙሮ፣ የግራ እግሩ የምንጣፉን ጫፍ ረግጦ። ቤቴ ገብቼ ያገኘሁት ልክ እንደዚያ ሆኖ ነው። የግራ እግሩ እንኳ የምንጣፉን ጫፍ ረግጧል። ሌላ የጠፋም የተነካም ነገር የለም።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ራሴን ነው። አርጅቻለሁ፤ ጎትቼው ረስቼው ይሆናል አልኩ። ኋላ ስልኬን አውጥቼ ሥዕልሽንና ክፍሉን አስተያየሁ። ወንበሩ ላይ መቀመጥ አልቻልኩም። ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ።

የጓሮው በር እንዴት እንደሚከፈት አንባቢዎችሽ ሁሉ ያውቃሉ፤ በአራት ሥዕል ያሳየሻቸው አንቺ ነሽ። እጀታውን ወደ ላይ፣ ጉልበት ከታች፣ ትከሻ ከመሐል፣ በመጨረሻ «እባክሽ» ብሎ መለመን። እኔም ስቄበታለሁ። በልክ መሳልሽን አልነቅፍም። ዕድሜዬን ሙሉ የሕንፃ ንድፍ ስሠራ ኖሬ ማስመሪያ ያስያዝኩሽ እኔ ነኝ፤ አንባቢዎችሽም «እማማ ማስመሪያ» ብለው የወደዱኝ በዚሁ ነው።

ወደ ልብስ ሰፊዋ ወረድኩ።

«ዛሬ ወደ እኔ የመጣ ሰው ነበር?»

«ዘመድዎ መጥቶ ነበራ፣ እትዬ። ሸሚዙን የተኮሰ፣ ጨዋ ልጅ።»

«እዚህ ዘመድ የለኝም።»

«ታዲያ ዓይናቸውን ተሻላቸው ወይ ብሎ ጠየቀኝ እኮ። እኔ መታመምዎንም አላወቅሁ፤ ጎረቤት ተብዬ አፈርኩ።»

«መቼ ነው የጠየቀሽ? ሲመጣ ነው ሲሄድ?»

አፏ ላይ የያዘችውን መርፌ አወጣች። «ሲሄድ» አለችኝ።

የዓይን ጠብታዬ የሚቀመጠው አልጋዬ አጠገብ ነው፣ ቀለሜ። መታመሜን ለማንም አልተናገርኩም።

ከዚያ በኋላ የአንባቢዎችሽን አስተያየቶች ከመጀመሪያው ክፍል ጀምሬ በማጉያ መነጽር አነበብኩ። ራሱን «ቀዳሚው» የሚለውን ታውቂዋለሽ፤ አዲስ ክፍል ባወጣሽ ቁጥር ከሁሉ ቀድሞ የሚጽፍልሽ ነው። ሌላው ያሞግስሻል፤ እርሱ ይጠይቅሻል። መስኮቱ ወደ ፀሐይ መውጫ ነው? ከደረጃው የሚንቋቋው የትኛው ነው? እማማ ማስመሪያ ከቤት የምትወጣው መቼ መቼ ነው? አንቺ ሁሉንም በምስጋና መልሰሽለታል። አንባቢን ማክበር ደግ ነው፤ ለአንባቢ ሁሉ ግን በር አይከፈትም።

ባለፈው ሳምንት «ታሪኩ በመጋቢት ያበቃል፤ መሐረብ አዘጋጁ» ብለሽ አስታወቅሽ። ሁሉም ነገሩ ገብቷቸው አለቀሱ። ቀዳሚው የጻፈልሽን ደግመሽ አንብቢው፦ «አታስቢ። ወንበሩን ወደ ቦታው መልሼዋለሁ። መጨረሻውም ልክ እንደምትስይው ይሆናል።» አንቺም ቀይ ልብ ላክሽለት። አልፈርድብሽም፤ ለእኔም ቢሆን ጨዋታ ይመስለኝ ነበር። የጻፈበትን ቀን ግን ተመልከቺ። እኔ ከሐኪም ቤት የተመለስኩበት ቀን ነው።

ፖሊስ ጣቢያ ሄጃለሁ።

«ምን ተሰረቀ?» አለኝ ተረኛው።

«ምንም።»

«ምን ተሰበረ?»

«ምንም።»

«እናቴ፣ ዕቃ የሚያስተካክል ሌባ ካገኙማ ወደ እኔም ቤት ይላኩልኝ።»

ስልኬን ሰጠሁት። እያሳለፈ፣ እያሳለፈ አነበበ፤ የበሩ ሥዕል ላይ ሲደርስ በሳቅ ፈነዳ። ቀና ብሎ ፊቴን አየ። «እርስዎ ነዎት እንዴ? ቁርጥ እርስዎን!» ብሎ ባልደረባውን ጠራው። ሁለቱም ጨዋዎች ናቸው፤ ወንበር አቀረቡልኝ፤ ሰውየውን ካየሁት እንድደውል ቁጥር ሰጡኝ። ስወጣ ተረኛው የራሱን ስልክ አውጥቶ ከመጀመሪያው ክፍል ጀምሮ ነበር።

እንግዲህ ያሰብኩትን ስሚኝ፤ ብዙ አስቤበታለሁ። ይህ ልጅ ቤቱና ሥዕሉ ተለያይተው ሲያገኛቸው፣ ሥዕሉ ተሳስቷል ብሎ አልጻፈልሽም። ያረመው ቤቱን ነው።

የመጨረሻውን ክፍል ረቂቅ ልከሽልኝ አይቼዋለሁ፤ ራሴ አርሜዋለሁም። ወንበሬ ላይ እንዳለሁ ሕይወቴ አልፎ፣ ጠዋት፣ መጽሐፉ ከጉልበቴ ወድቆ። «አፌን ከፍተሽ እንዳትስዪኝ፤ ነጠላ ጫማዬም ጎን ለጎን ይሁን» ብዬሽ ነበር፤ አንቺም አስተካክለሽ መልሰሽ ላክሽው። እውነቴን ነው፣ ሥራሽ ሁሉ አንድ ላይ ቢደመር ያንን አያህልም። ያን ቀን ኮርቼብሻለሁ።

አታውጪው። ለማንም አታሳዪው፤ ለጓደኞችሽም፣ ለዚያ አሳታሚ ነኝ ለሚልሽ ሰውም። ሐሳቤን ለወጥኩ፣ ታሪኩ አላለቀም በያቸው። ይቆጣሉ፤ ቃል አባይ ይሉሻል፤ ይበሉሽ። ከዚያ በየሳምንቱ ሳዪኝ። የሚጣፍጥ ነገር ባይኖርሽም ሳዪኝ። ስቆጣ፣ ቁልፍ ሲጠፋብኝ፣ ከልብስ ሰፊዋ ጋር ስጨቃጨቅ ሳዪኝ። ጤነኛ አድርጊኝ። ለጓሮው በርም ወፍራም የብረት መቀርቀሪያ አስገቢለት፤ አናጢው ሲገጥም በግልጽ ይታይ። እውነተኛው አናጢ ሐሙስ እመጣለሁ ብሎኛል፤ እርሱን ግን ካንቺው አናጢ ያነሰ አምነዋለሁ።

ቀዳሚውንም እንዳትቆጪው፣ እንዳታባርሪውም። እንደ ድሮው መልሺለት፤ ስለ ቤቱ ግን አንድም ቃል እንዳትጨምሪ። ይህን አንብበሽም ሻንጣሽን ይዘሽ እንዳትነሺ። አንቺም በታሪኩ ውስጥ አለሽ፤ እንዴት አድርጎ እንደሚጠብቅሽ አላውቅም። የመጣሽ ቀን እንዴት እንደምቀበልሽ ስንት ጊዜ እንዳሰብኩት አንቺ አታውቂም፤ ቢሆንም አትምጪ።

አሁን ከታች የስፌት ማሽኑ ድምፅ ቆመ።

ጀመረ። ጨርቅ ስትቀይር ነው።

ልብስ ሰፊዋ እኔ ጋ ይደሩ ትለኛለች። አልሄድኩም። ባዶ ወንበር ትቼለት መሄድ ደስ አላለኝም።

ሁሉም አንባቢ እንደ እርሱ እንዳይመስልሽ ደግሞ። ያቺ ነርስ፣ ለተኙት በሽተኞቿ ጮክ ብላ የምታነብላቸው፣ «ዛሬ እማማ ማስመሪያ ስትቆጣ አንድ ሽማግሌ ከስንት ቀን በኋላ ሳቁ» ብላ የጻፈችውን ገልብጬ አስቀምጫለሁ። ፊደሏ ትንሽ ያስቸግራታል እንጂ ልቧ ንጹሕ ነው። ለእርሷ ስትዪ ባታቆሚው ምን ነበረበት ብዬ አስቤም ነበር፤ ይህ ሁሉ ከመሆኑ በፊት።

እግዚአብሔር ዓይንሽን ከሕመም፣ እጅሽን ከድካም ይጠብቅልኝ። የምትስዪው ሁሉ ለበጎ ይሁንልሽ። ደጅሽን የሚያንኳኳው ሁሉ ስሙን የምታውቂው ሰው ይሁን። እኔንም በእግሬ እንደቆምኩ ለማየት ያብቃሽ።

ጽሑፌ እዚህና እዚያ ከመስመር ወጥቷል፤ እንዳትታዘቢኝ። ወንበሩን እርሱ እንዳስቀመጠው ትቼ ስለተቀመጥኩበት ፀሐዩ ፊት ለፊቴ ነው፤ እንባዬ እየወረደ ወረቀቱን በደንብ አላየውም። መንገዱ ላይ የሚያልፈውን ሰው ሁሉ ግን አየዋለሁ፤ እነርሱም ያዩኛል። እንዲያው ካልከበደሽ፣ በሚቀጥለው ክፍል ወንበሩን ከመጽሐፍ መደርደሪያው ጎን አድርገሽ ሳዪው። ምክንያት አያስፈልገውም፤ አሮጊት ናት፣ ዕቃ ማዘዋወር ትወዳለች በያቸው። አንቺ ካልሳልሽው እኔ ማንሳት አልችልም።

አያትሽ