ቀይ መብራት ላይ የቀረ ወሬ

ውድ አምሐ፣

እንደምን አለህ ብዬ ብጀምር ትስቅብኛለህ፤ ስለዚህ በቀጥታ ልንገርህ። መንጃ ፈቃድ አወጣሁ፣ የካሊፎርኒያ። ፎቶው ላይ ያኮረፈ ሰው መስያለሁ። ብታየው "ደግሞ ማን አስቀየመሽ?" ነበር የምትለኝ።

ከኮሎራዶ ወደ ኦክላንድ የመጣሁት ልጃችን ዮዲ እየጎተተችኝ ነው። መኪናህን ባሏ ናዖድ ብቻውን ነድቶ አመጣልኝ። የጎኑን ወንበር ማንም አልነካውም፤ ያን እሁድ ከቅዳሴ ስንመለስ ወደ ኋላ አጋድለህ እንደተኛህበት ነበር።

ከዚያ ቀን ወዲህ መሪ ጨብጬ አላውቅም ነበር። ሐኪሞቹ ልቡ በድንገት ነው የቆመው፣ ማንም ምንም ሊያደርግ አይችልም ብለውኛል፤ አምኛቸዋለሁ። እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ሌላ ነው። ያን እሁድ እየነዳሁ ስለ ጎረቤታችን ልጅ ስለ ቤተልሔም ሰርግ አወራልህ ነበር፤ ማን እንደቀረ፣ ማን ሳይጠራ እንደመጣ። ቀይ መብራት ላይ ቆምንና ዝም ስትልብኝ፣ ዝም ላለ እንግዳ እንደሚባለው "ተጫወት እንጂ" አልኩህ። መብራቱ አረንጓዴ ሆነ፣ ከኋላ ጡሩምባ ተነፋ፣ አንተ አልመለስክልኝም። የትኛውን ወሬዬን እንደሰማህ፣ ከየትኛው ጀምሮ ለብቻዬ እንዳወራሁ እስከ ዛሬ አላውቅም።

እዚህ ዮዲ አረገዘች። ናዖድ ከወደቡ ኮንቴይነር ጭኖ ሲወጣ አንዳንዴ አድሮ ነው የሚመለሰው። ምጥ ቢመጣ ማን ያደርሳታል? "ኡበር እጠራለሁ ማሚ፣ ዶንት ወሪ" ትለኛለች። ልጄ ምጥ ይዟት በማታውቀው ሰው መኪና? እኔ በሕይወት እያለሁ አይደረግም።

የኮሎራዶው ፈቃዴ ጊዜው አልፎበት ስለነበር ከሌላ ስቴት እንደሚመጣው ሰው በጽሑፍ ፈተና ብቻ አልተላቀቅኩም፤ ፈታኝ አጠገቤ አስቀምጬ መንዳት ነበረብኝ። አጠገቤ ማለት ያንተ ቦታ። ናዖድ ሲያደርሰኝ እንኳ እኔ ከኋላ ነበርኩ። ሰውዬው ገብቶ ወንበሩን ቀና ሲያደርገው አንተን ከመኪናው ያስወጣህ መሰለኝ። ደግሞ አያወራም። ግራ፣ ቀኝ፣ ከዚያ ዝም። በእኛ ደንብ አጠገብህ ያለ ሰው ዝም ካለ ወይ ተቀይሟል ወይ አሞታል። ቀይ መብራት ላይ ወረቀቱ ላይ እንዳቀረቀረ ቀረ። "ፕሊስ፣ ቶክ" አልኩት። አረንጓዴው ሲበራ እኔ መንዳቱን ትቼ የእጁን አንጓ ይዤ ትርታውን እፈልግ ነበር። ደንግጦ በሩን ከፍቶ ሊወጣ ምንም አልቀረው። ወደቅኩ።

ለሁለተኛው ፈተና ሴት መጣች። ሞተር ሳላስነሳ ሁሉንም ነገርኳት፣ በዚያ በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ፣ ስምህንም ጭምር። ማውራት አይፈቀድልኝም አለች። ግን መብራት ላይ በቆምን ቁጥር ጉሮሮዋን ጠረግ ታደርግ ነበር። አለፍኩ። እግዜር ይስጣት።

ምጡ ቅዳሜ ከሰዓት መጣ፤ ናዖድ ጭነት ይዞ ከከተማ ወጥቷል። ዮዲ ገብታ ወንበሩን ወደ ኋላ አጋደለችው፣ ልክ አንተ እንዳደረግከው። አፕታውን የሚባለውን ሰፈር ሳናልፍ ቀይ መብራት ያዘን። ዓይኗን ጨፍና ዝም አለች።

"ተጫወቺ እንጂ፣ ዮዲዬ።"

መብራቱ ተቀየረ፣ ከኋላ ጡሩምባ ተነፋ። እኔ ግን እዚያው ነኝ፣ ያን እሁድ ላይ።

"አለሁ፣ ማሚ" አለች ዓይኗን ሳትከፍት። "ግሪን ነው። ጎ።"

ነዳሁ። ሴት ልጅ ወለደች፤ አገጯ ቁርጥ ያንተ ነው።

ከሆስፒታሉ ብቻዬን ተመለስኩ። ወንበሩ እንደተጋደለ ነበር፤ ቀና ላደርገው እጄን ዘርግቼ ተውኩት። ያው መብራት ደግሞ ያዘኝ። የቱ ላይ እንዳቋረጥን ስለማላውቅ የቤተልሔምን ሰርግ ከመጀመሪያው ጀመርኩልህ፤ ማን እንደቀረ፣ ማን ሳይጠራ እንደመጣ። አረንጓዴ ሲሆን እያወራሁ ነዳሁ። ቤት ደርሼም አልጨረስኩልህም።

ወሬዋ የማያልቅባት፣
የሺሃረግህ